ለጉርጡ ዳርቻ ተሠርቷል፣ ለእሷ ወንበር የለም!

ሐዋሳ ሄዶ የተመለሰ ሰው ምን ያወራችኋል? አሞራ ገደል የበላውን ዓሣ፣ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ የተነሣውን አባ ኮዳ፣ ማታ በሐይቁ ዳር የተንሸራሸረውን… ከዚህ አያልፍም። እኔ ግን ዛሬ ወዳላሰባችሁት ቦታ ልወስዳችሁ ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላችሁ፣ በአንድ የቆርቆሮ በር በኩል ወደ አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል። እዚያ ክፍል ውስጥ ጉርጥ ይረባል!

ሳቃችሁ አይደል? እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ጉርጥ ያው የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ ቆዳው ሸካራ፣ እግሩ አጭር፣ እንደ እንቁራሪት ርቆ መዝለል የማይሆንለት። ከዓይኑ ኋላ ካበጠው እጢ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ መርዝነት አለው። "የነካው ሰው ኪንታሮት ያወጣል" የሚባለው ግን ተረት ነው። እጅን በሳሙና መታጠብ በቂ ነው።

የክፍሉ ጌታ ሃያዎቹን ያጋመሰ የባጃጅ ሾፌር ነው። ስሙን እንዳልጽፍ አደራ ብሎኛል፤ "ሠፈርተኛው ጉርጡ እያለ ያበሽቀኛል" ነው ምክንያቱ። እኔ ሐዋሳ የሄድኩት ለዘመድ ሠርግ ነበር፤ ከመናኸሪያ የጫነኝ እሱ ነው። ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ሲሰማ "እንግዲያው ቤቴን ሳታይ አትሄድም!" አለኝ።

ገባን። አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ትልቅ የመስታወት ሣጥን። መስታወቱን በልክ አስቆርጦ ራሱ በሲሊኮን አጣብቆታል። ከሥር የታጠበ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ለምለም የውሃ ሣር፣ በአንድ ጎን ደግሞ ከውሃው በላይ ብቅ ያለ ድንጋይ። በሣሩ መሐል ጥቁር ጥቁር ነገሮች ጅራታቸውን እያወናጨፉ ይርመሰመሳሉ። ባዮሎጂ ላይ ታድፖል እያልን የተማርናቸው ናቸው።

"ከየት አመጣሃቸው?"

"ከዚሁ ግቢ። በሚያዝያ ዝናብ ማግስት ቧንቧው ሥር ሁለት ጉርጦች አገኘሁ። ወንዱ ሴቷ ጀርባ ላይ ወጥቶ ጥብቅ አድርጎ ይዟታል። ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አደረግኳቸው። ሲነጋ ሳፋው ውስጥ ረጅም የዶቃ ክር የመሰለ እንቁላል!"

ልክ ነው፤ ብዙዎቹ እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን አከማችተው ሲጥሉ፣ አብዛኞቹ ጉርጦች ግን በዝልግልግ ክር ደርድረው ነው የሚጥሉት። አንዲት ሴት በሺህ የሚቆጠር ልትጥል ትችላለች። ልጁ ስንዝር የምታህለውን ብቻ አስቀርቶ፣ የቀረውን ከነወላጆቹ ግቢው ጀርባ ወዳለው ኩሬ መለሰው። ብልህ ነው! በጠባብ ውሃ ብዙ ታድፖል ከታጨቀ ውሃው ይበላሻል፣ ያልቃሉ።

አያያዙንም ጠይቄዋለሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው እንደ ወረደ አይጨምርባቸውም፤ አፉ ሰፊ በሆነ ሳፋ ከአንድ ቀን በላይ ያቆየዋል። በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህሉን እየቀዳ ይቀይራል። ምግባቸው የተቀቀለ ቆስጣ ነው፤ ያውም ቆንጠር ተደርጎ፣ የተረፈውም ሳይበሰብስ ይለቀማል። ሣሩ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቀን ብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ከኩሳቸው የሚመጣውን ቆሻሻ እንደ ማዳበሪያ ይመገባል፣ መደበቂያም ይሆናል።

እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ የኋላ እግር፣ ቀጥሎ የፊት እግር ብቅ ይላል። "ጉዱ ያኔ ነው!" አለኝ ልጁ ወደ ድንጋዩ እያመለከተ። ጅራቱ ተቆርጦ አይወድቅም፤ ሰውነቱ መልሶ ይመጠዋል። አፉና አንጀቱ እየተለወጡ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ምግብ አይቀምስም። በስንጥብ መተንፈሱን ትቶ በሳንባ ይጀምራል። ታዲያ መውጫ ዳርቻ ካጣ፣ ተፈልፍሎ ያደገበት ውሃ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል። እስቲ አስቡት! ስንት ሳምንት ያኖረው ውሃ ሲገድለው! "መጀመሪያ ድንጋዩን አስቀምጥ፣ ከዚያ እንቁላሉን አምጣ" ነው የልጁ ምክር።

እዚህ ድረስ ጨዋታችን ደስ ይል ነበር። ቡና ስትቀዳልን የነበረችው ፍቅረኛው ግን ሲኒውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሁለት ዓመት አብረን ነን። ለጉርጡ ዳርቻ ሠርቶለታል፤ እኔ እዚህ ቤት የምቀመጥበት ወንበር የለኝም። እስቲ አንተ ፍረድ!"

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነትም ወንበር የለም። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሷ የተደፋ ባልዲ ላይ ነበርን።

"ጉርጡን ጠልቼ አይደለም" ቀጠለች። "እሱ ሥራ ሲውል ቆስጣውን የምቀቅለው እኔ ነኝ። ሌሊት ተነሥቶ ውሃቸውን ያያል። ቤተሰቦቼ ሽማግሌው መቼ ነው የሚላከው እያሉኝ ነው ስለው ግን፣ ይደርሳል ይለኛል።"

ምን ትላላችሁ? እኔ የተሰማኝን ነገርኩት። ሣጥኑ ወደ በረንዳ፣ ጥላ ወዳለበት ይውጣ፤ በቦታው ወንበር ይግባ፤ ሽማግሌውም ቀን ይቆረጥለት። ልጁ አንገቱን አቀርቅሮ "እነዚህ እግር አውጥተው እስኪለቀቁ ብቻ…" አለ።

"ስንት ቀን?"

"ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው።"

"እቆጥራለሁ!"

አመሻሽ ላይ ሦስታችንም ወደ ሐይቁ ወረድን። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የተጣለበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ልጁ ዳር ላይ የተንሳፈፉትን የውሃ ፕላስቲኮች እያየ "ይኼም እኮ ትልቅ ሣጥን ነው፤ ውሃውን የሚቀይርለት ግን የለም" አለ። ጉርጥና እንቁራሪት ውሃ በቆዳቸው ስለሚያስገቡ የተበከለ ውሃ ቶሎ ይጎዳቸዋል።

እናንተም ልሞክር ካላችሁ ልብ በሉ። እንቁላሉን ከቅርባችሁ ኩሬ ጥቂት ብቻ ውሰዱ፤ የምትለቁትም እዚያው ኩሬ ዳር ይሁን። የአንዱን ከተማ ጉርጥ ከሌላው አትቀላቅሉ። በዓለም ላይ ብዙ የእንቁራሪት ዘር የጨረሰው የቆዳ ፈንገስ በእኛም ደጋ አገር ተገኝቷል። ኢትዮጵያ ከ60 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች አሏት፤ ከእነዚህ ውስጥ እንደ ባሌ ተራሮቹ ሌላ የትም የሌሉ አሉ፤ እነሱን አትንኩ። አበባው አማረኝ ብላችሁም እምቦጭ አታምጡ፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ታውቃላችሁ። ደግሞ ከውሃ የወጣው ጉርጥ ከጥፍር ያነሰ ስለሆነ የሚበላውን ጥቃቅን ነፍሳት ማቅረብ ፈተና ነው፤ በዝናባማ ምሽት መልቀቁ ይሻላል።

ከወር በኋላ ልጁ ደውሎልኝ ነበር። ጉርጦቹን ሁለቱም ሆነው ኩሬው ዳር ለቀዋቸዋል። ወንበርም ተገዝቷል፤ ያውም ሁለት! ሽማግሌውስ? "ይደ…" ብሎ ሲጀምር ስልኩን ነጠቀችውና "ቀኑን ራሴ ቆርጬለታለሁ!" አለችኝ።

ዳርቻው ቀድሞ ይሠራ፣ ጓዶች! ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።