ዘነበወርቅን አልፋችሁ ስትሄዱ

ከጦር ኃይሎች ተነሥታችሁ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ እስከ አየር ጤና ስትጓዙ የምታልፉት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። ኮልፌን ብዙዎች በአጣና ተራ ገበያው ያውቁታል። ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነው።

ዘነበወርቅ ስትደርሱ ግን እስቲ ጥቂት ቆም በሉ። ስሙ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በ1920ዎቹ ሚስዮናዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል የሠሩት እዚህ፣ ያኔ ከከተማ ውጭ በነበረ ስፍራ ነው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት ተቋቋመ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና ከመጡት ብዙዎቹ፣ ከዳኑም በኋላ የትውልድ መንደራቸው ስላልተቀበላቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ልጆች ወልደው አሳደጉ፤ ሴቶቹም ጥልፍ እየጠለፉ ቤታቸውን ደጎሙ።

ከተማዋ ቆሻሻዋንም ስትደፋ የኖረችው በዚያው አቅራቢያ፣ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ዛሬ አዲስ አበባ ሰፍታ ያራቀችውን ሰፈር መሐሏ አስገብታዋለች። በልባችንስ? ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ በዘርም አይተላለፍም። በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። እንግዲህ ልጃችሁ ከዘነበወርቅ ሰፈር እጮኛ ቢያመጣ፣ «የማን ዘር ናት?» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።