አባታችን የተዉልን ድንበር

አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በመዝገብ የሚጻፍ፥ ሁለተኛው በልብ የሚቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ወንድምን ከወንድም ሲያጣላ፥ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንሠራ በኖርንበት ዘመን ብዙ ጊዜ አይተናል። ለሁለተኛው ግን መዝገብ የለውምና፥ አባታችን ያወረሱንን በዚህ ገጽ ልንጽፈው ወደድን።

አባታችን ተወልደው ያረጁት በጋሞ ደጋ፥ በገረሴ ነው። እንሰትና ገብስ ያለማሉ፤ የእርሻው ሥራ ሲቀል ደግሞ ሸማ ይሠራሉ። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ እኛን ግን አስቀድመው ለየኔታ ሰጥተው ዳዊት አስደገሙን፥ ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ላኩን። «እኔ ድሩን ዘርግቻለሁ፤ ማጉን እናንተ ጨምሩበት» ይሉን ነበር።

በሽምግልናቸው ዘመን ከታናሽ ወንድማቸው ጋራ የእንሰት ጓሮ ድንበር አከራከራቸው። አጎታችን በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብዙ ዓመት በሽመና ኖረው ሲመለሱ፥ ድንበሬ ተገፍቷል አሉ። ድንበሩን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ለአባታችን የሚመሰክሩ ነበሩና፥ ነገሩ ወደ ዳኛ ቢሄድ እንደሚረቱ ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ዳኛው መሬቱን ይሰጠኝ ይሆናል፤ ወንድሜን ግን ከወዴት ያመጣልኛል?» አሉን።

ከዚህ በኋላ ሽማግሎች በዱቡሻ ተሰበሰቡ። ዱቡሻ ማለት የጋሞ ሕዝብ ስለ ጋራ ጉዳዩ የሚመክርበት፥ የተጣላም የሚታረቅበት አደባባይ ነው። አባታችን ታላቅ ሲሆኑ እርጥብ ሣር ይዘው በታናሻቸው ፊት ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ በአገሩ ልማድ ጎሜ ነው፤ ይኸውም እርም ማለት ነው። አጎታችንም ፈጥነው አነሡዋቸው፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ያከራከራቸውም ስፍራ ለሁለቱ ቤት የልጅ ልጆች እንዲሆን ተስማሙ።

አባታችን የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው አንዲት እንሰት ቆረጡ፤ እምብርቷንም አውጥተው ሥሯን ቀበሩ። ከወራት በኋላ ከዚያች ከተቀበረች ሥር ብዙ ቡቃያ በወጣ ጊዜ፥ «እናንተም እንደዚሁ የአንድ ሥር ልጆች ናችሁ» ብለው ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ቡቃያ ሰጡ፤ በድንበሩም ላይ አስተከሉ። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ እርሳቸውም ከዚያ ተክል እንደማይቀምሱ ያውቁ ነበር። እንዳሰቡትም ሳይደርስ አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ቃሬዛውን አስቀድመው የተሸከሙት የአጎታችን ልጆች ናቸው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበርክከው እንደመለሷቸው አገር ሁሉ ሰምቷል። ብዙ ሰው እንደ አዲስ ነገር ተደነቀ። እኛ ግን በተንበረከኩት ሽማግሎች ሁሉ ፊት የአባታችንን ፊት አየን፤ ከሞቱም ወዲህ እንደዚያ ቀን አልናፈቁንም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቹ በፍርድ ወንበር የምትቀመጡ፥ ሁላችሁም ለልጆቻችሁ አንድ ነገር የምትተዉ ናችሁ። ርስት ብትተዉላቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ርስቱን በሰላም የሚበሉበትን ልብ አስቀድማችሁ ተዉላቸው። የአባታችን እንሰት ደርሶ የሁለቱ ቤት ልጆች በመስቀል በዓል ቆጮውን በአንድ ገበታ በልተዋል። ድንበሩ በየትኛው ተክል በኩል ያልፍ እንደ ነበር ብንጠይቃቸው ግን አንዱም ሊያሳየን አልቻለም።