ሦስት ከተማ፣ ሦስት የኪራይ ሕግ

ዋሽንግተን ዲሲ

ጆርጂያ አቬኑን ይዤ ወደ ሰሜን እወጣለሁ። አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ «የሚከራይ ክፍል፣ ለባቡር ቅርብ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዋጋና ስልክ አለው፤ ስለ ውል አንድም ቃል የለውም። እዚህ አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ የበለጠ ዲፖዚት መያዝ አይችልም። ተከራዩ ሲለቅ በ45 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ካልሆነም የያዘበትን ምክንያት በጽሑፍ ያሳውቃል። የውሉ ጊዜ ስላለቀ ብቻ «ውጣ» ማለትም የለም፤ ተከራዩ እየከፈለ ከቆየ ውሉ ወር በወር ይቀጥላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ኢስተርን አቬኑን ስሻገር ሜሪላንድ ገባሁ። መንገዱ ያው ጆርጂያ አቬኑ ነው፤ ሕጉ ግን ተቀየረ። ቀድሞ የሁለት ወር ኪራይ ዲፖዚት ይፈቀድ ነበር፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለተፈረመ ውል ግን በአብዛኛው ከአንድ ወር አይበልጥም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ የራሱን ጨምሯል፦ አከራይ ለተከራዩ የሁለት ዓመት ውል አማራጭ ማቅረብ አለበት፤ ዓመታዊ ጭማሪም ከ6 በመቶ አያልፍም። አዳዲስ ሕንፃዎችና ከሁለት ያልበለጠ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች ከጭማሪው ገደብ ነፃ ናቸው። ቡና የቀዳችልኝ ልጅ ግን «የሁለት ዓመት ውል? በየዓመቱ ስፈርም ማንም አልነገረኝም» አለችኝ።

አሌክሳንድሪያ

ፖቶማክን ተሻግሬ ቨርጂኒያ ደረስኩ። እዚህ ዲፖዚቱ እስከ ሁለት ወር ኪራይ ይደርሳል፤ ለጭማሪም ጣሪያ የለም። ቤዝመንታቸውን የሚያከራዩ አንድ እናት ቡና አፍልተው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እኔና ተከራዬ በቃል ነው የተስማማነው። በሰው መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?»

«እማማ፣ እዚህ ቨርጂኒያ እኮ አከራይ የጽሑፍ ውል ካልሰጠ ሕጉ ራሱ ውል ያቆምለታል፤ ለ12 ወር፣ በየወሩ እኩል ክፍያ።»

«ሳልፈርም?»

«ሳይፈርሙ።»

«ኪራይ ልጨምርበት ብልስ?»

«ዓመቱ እስኪሞላ በተስማማችሁበት ነው።»

ስኒውን አስቀምጠው ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው እኛው እንጻፈው» አሉ፤ «በማናውቀው ከምንታሰር ባወቅነው ይሻላል።»