ካውያና ቶነር

የሌዘር ፕሪንተር ቀለም ፈሳሽ አይደለም፤ ሙቀት ሲያገኘው የሚቀልጥ ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ቤታቸው ሰርኪት ቦርድ የሚሠሩ ሰዎች ተስፋቸውን የጣሉት በዚህች ባሕርይ ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ የቀለጠ ቶነር እንደገና ቢሞቅ ወደ መዳብ ይሻገራል።

ስካይላይን ካሉት ፎቆች በአንዱ የሚኖሩ አንድ የታክሲ ሾፌር ይህን የሚሞክሩት በእረፍት ቀናቸው ነው። ወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሬዲዮ ሲጠግኑ አልፏል። መዳብ የለበሰውን ሰሌዳ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈትገው በአሴቶን ያጸዱታል፤ ስዕሉን በሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ላይ ያትማሉ፤ ከዚያ የልብስ ካውያ፣ ያለ እንፋሎት። ጣጣው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ሲያንስ ግማሹ ቶነር ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ሲበዛ ወይም እጅ ሲከብድ መስመሮቹ ተንሰራፍተው ይነካካሉ። ወረቀቱም ውሃ ውስጥ ርሶ በአውራ ጣት ይፋቃል እንጂ ተጎትቶ አይነሳም። ቀሪው የፌሪክ ክሎራይድ ሥራ ነው፦ ቶነር ያልሸፈነውን መዳብ ይበላል። (ያገለገለውን ፈሳሽ ቱቦ ውስጥ መድፋት አይገባም፤ ባለቤታቸውን የሚያናድዳቸው ግን ፎጣ ላይ የሚቀረው ቡናማ ነጠብጣብ ነው።)

ነገሩ አዲስ መስሎ አሮጌ ነው። ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ኒው ዮርክ፣ አስቶሪያ ውስጥ ከረዳቱ ጋር የመጀመሪያውን ደረቅ ቅጂ ሲያወጣ፣ ዱቄቱ ወደ ሰም ወረቀት የተሻገረው በሙቀት ነበር። ገልብጦ ማተም ደግሞ ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ በ1513 ሮም ላይ የታተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትም ከተገለበጡ ፊደሎች የወጣ ነው።

«ቻይና ቢያዙት በጥቂት ዶላር ተሠርቶ ይመጣ የለ?» ይላሉ ባለቤታቸው። እውነት ነው፤ የሚመጣውም ከእሳቸው የተሻለ ነው። ግን አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ የሚማረው የእህታቸው ልጅ ዶላር ከየት ያመጣል? ፎቶ ኮፒ ቤት ሰፈሩ ውስጥ አለ፤ ካውያም ቤት አለ።

በስልክ ማስተማር ግን ከባድ ነው። እዚህ የሠራው ወረቀት እዚያ የለም፤ እዚያ ያለው ቶነር እዚህ ካለው አይመሳሰልም፤ መብራትም መሃል ላይ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ካውያው የቱ ላይ ይሁን?»

«ጥጥ የሚለው ላይ። ተጫነው እንጂ አታሽከርክረው፣ ይላቀቃል።»

የልጁ የመጀመሪያ ሰሌዳ ተገልብጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስሙን ጥግ ላይ እንዲጽፍ አዘዙት፤ ወረቀቱ ላይ ከተነበበ፣ መዳቡ ላይ አይነበብም። ባለፈው ሳምንት የላከው ፎቶ ላይ ስሙ ይነበባል። አንድ መስመር ተቆርጧል፤ በሽቦና በሳልዳቶ እንዲያገናኘው ነግረውታል።