ግቢ የሌለው ሰው መኪናውን የት ቻርጅ ያደርጋል?

አጎቴ የሚኖሩት በምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ ነው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መኪናቸው ግን መንገድ ላይ ያድራል። የሚኒካብ ሹፌር ስለሆኑ እንጀራቸው መኪናው ነው። መኪናው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ታዲያ ገመድ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት አይወርድ! ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ሰፈሩን ዞርኩ፤ መኪናቸውን የት የት ቻርጅ እንደሚያደርጉ አሳዩኝ።

«ግቢ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ? በቤት ዙሪያ ያለ የታጠረ ቦታ ማለት ነው። ግቢ ያለው ሰው መኪናውን ማታ ከቤቱ ግድግዳ ጋር በገመድ ያገናኝና ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ ባትሪው ሞልቷል። ሃክኒ ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው የሚኖረው በፎቅ ቤት ነው። ምድር ላይ ያሉት የድሮ ቤቶችም ቢሆኑ ብዙዎቹ በራቸው የሚከፈተው ወደ መንገዱ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ ገመድ መዘርጋት ደግሞ ለዓይነ ስውር፣ ለአረጋዊና የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ሰው አደጋ ነው።

«ታዲያ ለምን የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሕጉ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከጥር 2023 ጀምሮ በለንደን አዲስ የሚኒካብ ፈቃድ የሚወጣለት መኪና ቢያንስ የተወሰነ መንገድ ያለ ጭስ መሄድ መቻል አለበት። ከዚያም በፊት፣ በጥቅምት 2021፣ የአየር ብክለት ክፍያ ሃክኒን ጨምሮ ወደ ብዙ ሰፈሮች ሰፍቷል። ጭሱ ከተወሰነው መጠን በላይ የሆነ መኪና በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። ዓላማው ልጆች የሚተነፍሱት አየር ንጹሕ እንዲሆን ነው፤ ጥሩ ዓላማ ነው። ነገር ግን መኪናው ሲለወጥ ሌላ ጥያቄ ተከተለ፦ የት እንሙላው?

መጀመሪያ ያሳዩኝ አንድ ተራ የመብራት ምሰሶ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ጎኑ ላይ ትንሽ ሶኬት አለው። ሹፌሩ የራሱን ገመድ ከመኪናው አውጥቶ ይሰካል፤ በስልኩም ይከፍላል። እንዲህ ያለው ምሰሶ ኃይሉ 5 ኪሎዋት አካባቢ ነው።

ኪሎዋትን ለመረዳት ቧንቧና በርሜል አስቡ። ባትሪው በርሜል ነው፤ የሚይዘው በኪሎዋት ሰዓት ይለካል። ቻርጀሩ ቧንቧ ነው፤ የቧንቧው ውፍረት በኪሎዋት ይለካል። 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ፣ በ5 ኪሎዋት ምሰሶ ለመሙላት 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ምሰሶው ለማታ ነው፤ ሰውም መኪናም ሲያርፍ።

ከምሰሶው ሌላ በየመንገዱ ዳር ለብቻቸው የቆሙ ቻርጀሮች አሉ። የብዙዎቹ ኃይል ከ7 እስከ 22 ኪሎዋት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ፈጣኑ ነው፤ 50 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ። እሱ በነዳጅ ማደያዎችና በሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያዎች ይገኛል። ገመዱም ከራሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሆኖም ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ሹፌሮች 80 ላይ ነቅለው ቦታውን ለሌላ ይለቃሉ። ይህ ሕግ ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

አጎቴ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ስልካቸው ላይ ዛፕ ማፕ የሚባለውን ካርታ ይከፍታሉ። ካርታው ቻርጀሩ የት እንዳለና ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ሰው ይዞት እንደሆነም ይታያል። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያነቡት የመንገዱን ምልክት ነው። አንዳንዱ ቦታ ቻርጅ ለሚያደርግ መኪና ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ሌላው የነዋሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ምልክት ያላነበበ ሰው ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ለቅጣቱ ብዙ ይከፍላል።

አጎቴ አንድ ምሽት ያጋጠማቸውን ነገሩኝ። ሁለት ቻርጀሮች ተበላሽተው ነበር። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ምንም ቻርጅ የማያደርግ መኪና ቆሞበታል። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ስዞር ሥራዬ አለፈኝ» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ችግር ለመቀነስ በብሪታኒያ አዲስ ሕግ ወጥቷል። ከኅዳር 2024 ጀምሮ ፈጣን ቻርጀሮች ሁሉ የባንክ ካርድ በማስነካት ብቻ መክፈል የሚቻልባቸው መሆን አለባቸው። ድርጅቶቹ ፈጣን ቻርጀሮቻቸው በአማካይ 99 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ እንዲሠሩ ማድረግ፣ ቀንና ሌሊት የሚያነሳ ነጻ ስልክም ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ዋጋው ነው። ቤታቸው ለሚሞሉ ሰዎች ሌሊት በኪሎዋት ሰዓት ከ10 ፔንስ በታች የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። በመንገድ ላይ ያለው ፈጣን ቻርጀር ግን ብዙ ጊዜ ከ70 ፔንስ በላይ ያስከፍላል። 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢሞላ፣ ግቢ ያለው ሰው 4 ፓውንድ የማይሞላ ሲከፍል፣ አጎቴ 28 ፓውንድና ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። ቫቱም ቢሆን ለቤት ኤሌክትሪክ 5 በመቶ ሲሆን በመንገድ ላይ ቻርጀሮች 20 በመቶ ሲጠየቅ ቆይቷል። አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ አንድ ከተማ፣ ሁለት ዋጋ! አጎቴ ፈጣኑን ትተው ማታ ማታ ምሰሶ የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ አንዳንዶቹ ምሰሶዎች ሌሊት ዋጋ ይቀንሳሉ።

ዞረን ዞረን ሾርዲች ውስጥ ሆክስተን አደባባይ አጠገብ ደረስን። እዚያ አንድ የቆየ የጡብ ሕንፃ አለ። ዛሬ የሰርከስ ትምህርት ቤት ነው፤ በ1897 ሲከፈት ግን የሰፈሩን ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። ግድግዳው ላይ በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍ ትርጉሙ «ከአቧራ ብርሃንና ኃይል» ነው። በዚያው ዓመት በለንደን መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ይሄዱ ነበር። ዋልተር በርሲ የሚባል መሐንዲስ የሠራቸው ናቸው። ሕዝቡ ከድምፃቸው የተነሳ «ሃሚንግበርድ» በምትባለው ትንሽ ወፍ ስም ጠራቸው። ነገር ግን ባትሪያቸው ከባድ ነበር፤ ጎማ ይበላል፤ ባትሪው ሲያልቅም የሚቀየረው ወደ ጋራዡ ተመልሶ ነው። በ1899 ሥራቸው ቆመ። መኪና ብቻውን አይበቃም፤ የሚሞላበት ቦታም ያስፈልገዋል።

ይህ ጥያቄ የወላጆቻችሁም አገር ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በአዲስ አበባ ኢትዮ ቴሌኮም በቴሌብር የሚከፈልበት ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቷል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚመነጨው ከውኃ ነው። እዚያም ቢሆን ግቢ ያለው ሰው ማታ ቤቱ ይሞላል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ግን እንደ አጎቴ ያስባል።

የሃክኒ ካውንስል ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ቻርጀሮችን ለማስተከል አቅዷል። ቻርጀር ሲተከል አንዳንድ ነዋሪ «የመኪና ማቆሚያዬ ተወሰደ» ብሎ ይቆጣል። ቁጣው ይገባኛል፤ ቦታው ጠባብ ነው። ነገር ግን ግቢ ለሌለው ሰው መንገዱ ግቢው ነው። መንገድ ደግሞ የሁሉም ነው።

እናንተም በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ስንት ቻርጀር እንዳለ ቁጠሩ። ስንቱ ይሠራል? ስንቱ ባዶ ነው? ማታ ለወላጆቻችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። ምናልባት ከዘመዶቻችሁ መካከል አንዱ ሹፌር መልሱን በጣም ይፈልገው ይሆናል።