ክራርን ለዘፋኝ ድምፅ ማስማማት

መቐለ ላይ የጓይላ ጭፈራ ሲደምቅ ዘፋኝ ይቀያየራል፤ ለወንዱ የተመቸው ኪይ ለሴቷ አይመችም። ኪቦርድ የሚጫወት አንድ የኪይ መቀየሪያ ቁልፍ ነክቶ ያልፋል። ፔዳል ስቲል ጊታር ላይ ደግሞ ክሮቹ ላይ ያረፈውን ብረት ማንሸራተት ነው። ክራር ግን አንገት የለውም፤ ክሩ ራሱ መወጠር ወይም መላላት አለበት።

ሰሞኑን ልቤን የሞላው ነገር፣ ሁሉንም ክር መነካካት እንደማያስፈልግ ማወቄ ነው! ሜጀር ትዝታ ከዶ ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዶን ብቻ በግማሽ ድምፅ አላልታችሁ ሲ አድርጉት፤ ያው ትዝታ አሁን ከሶል ይነሳል። ስድስተኛው ክር የዶ ኦክታቭ ከሆነ እሱም አብሮ ይላላል። በተቃራኒው ዶን ሳትነኩ ሚን ወደ ፋ ብትወጥሩት መነሻው ፋ ይሆናል። እንዴት ያምራል!

ከባዱ የግራ እጅ ሥራ ነው። ቀኙ ክሮቹን ሲመታ የግራ ጣቶች የማይፈለጉትን አፍነው የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። መነሻው ወደ ሌላ ክር ሲዛወር ጣት በለመደበት መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ የዘፋኙን የኪሮስ ዓለማየሁን ዜማዎች መጀመሪያ በአፌ እያዜምኩ፣ ቀስ ብዬ ከዶም ከሶልም እያስነሳሁ እለማመዳለሁ። ከሶል የሚነሳው ለእህቴ ድምፅ ልክ ነው።