ውሻ በበላበት ይጮኻል

አንድ የኡቡንቱ ሰርቨር በአደራ ይዤ ነበር። «ዲስክ ሞልቷል» ማለት አመሉ ሆነ። አመሉን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ አምስት መስመር ጽፌ፣ ከ90 በመቶ ያለፈ ነገር ካየህ በየደቂቃው ንገረኝ ብዬ በየሰዓቱ የታዘዘውን ለሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ለክሮን፣ አስረከብኩት። ክሮን ደግሞ የታዘዘውን የሚረሳ ፍጡር አይደለም። በአንድ ቀን 1,440 ስሞታ ኢሜይሌን አጥለቀለቀው። ሁለት ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው፣ ደብዳቤው ወደ እኔ መምጣቱን ትቶ እዚያው ማሽኑ ውስጥ «ሩት» በሚባለው የማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ የደብዳቤ ሣጥን እንዲቀር ፈረድኩበት። ዝም ያሰኘሁት መስሎኝ ነበር።

ስሞታው መሠረት አልነበረውም። ኡቡንቱ አንዳንድ ፕሮግራሞችን የሚያመጣው «ስናፕ» በሚባል ጥቅል ነው። ጥቅሉ አፉ እንደተመረገ ጎተራ ነው፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ትርፍ ቦታ ስለሌለው «ዲኤፍ» የሚባለው ትእዛዝ ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቷል ይለዋል። የኔ ዘበኛ የሚጮኸው እንግዲህ ሞልቶ በተወለደ ነገር ላይ ነበር።

ዲኤፍን ግን አልወቅሰውም፤ የተወለደው በችግር ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ ሥርዓተ ክወና መመሪያ ውስጥ አለ። ያኔ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ፣ ኒው ጀርዚ በሚገኘው የቤል ቤተ ሙከራ፣ ፒዲፒ-11 በተባለ ማሽን ላይ ይሠሩ ነበር። የዲስኩ ስፋት 512 ኪሎባይት ብቻ! አንዱ ስሞታዬ አንድ ኪሎባይት ቢሆን፣ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ 11 ሰዓት ላይ ያንን ዲስክ እስከ አፍ ገደፉ ይሞላው ነበር።

«ሳይሞላ ሞላ» የማለቱ ልማድ የመጣው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ማኩሲክና ባልደረቦቹ ፈጣን የፋይል ሥርዓታቸውን ሲያስተዋውቁ ከዲስኩ 10 በመቶውን ሳይነካ አስቀመጡ። ዲስክ ሲጠብ ማሽኑ ጎን ለጎን የሆነ ቦታ እያጣ ይንቀራፈፋልና። የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ሊኑክስም ልማዱን ወርሶ፣ በእነ ኤክስት2 የፋይል ሥርዓት ላይ 5 በመቶውን ለሩት ብቻ አቆየ። ይህ የዘር እህል ነው። ቤተሰቡ «እህል አለቀ» ሲባል ገበሬው ጥግ ላይ ያኖራት ቁና አለች፤ እሷን የበላ ለከርሞ የሚዘራው የለውም።

ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ሰርቨሩ «ቦታ የለም» ብሎ ሥራ አቆመ፤ የአሁኑ የእውነት ነበር። የወፈሩትን ፋይሎች አንድ በአንድ ስመለከት የሩትን የደብዳቤ ሣጥን አገኘሁ፤ ግማሽ ጊጋባይት ሆኗል። ማንም ያላነበበው፣ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ የተጻፈ «ሞልቷል»!

ሣጥኑን ደመሰስኩ፤ ዲኤፍም የታሸጉትን ጥቅሎች እንዲዘል አዘዝኩ። ዘበኛው አሁን የሚናገረው አልፎ አልፎ ነው። ሲጮኽ ግን ሌባ ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት እሱ ራሱ ምን ያህል እንደበላ አያለሁ።